በቀጠሮ

በሐይቅ ትምህርት ቤት፣ ስድስተኛ «ለ» ክፍል፣
ሰሌዳው ላይ ቀርቷል የትናንት ማካፈል።
ሦስት መኮንኖች የልጅ ወንበር ጠቧቸው፣
ጉልበት ካገጭ ደርሶ፣ መመሪያው በእጃቸው።
እኔ ጸሐፊ ነኝ። ቅጹ ሦስት ሳጥን አለው፦
ተዋጊ፣ ሲቪል፣ ሦስተኛው ባዶ ነው።

«ስም?» «እብሬ ሙሄ።» «ሥራ?» «ጨው እጭናለሁ፣
ከባቲ ተነሥቼ ደላንታ አደርሳለሁ።»
«ካፖርቱስ?» «ገዛሁት፣ ሰኞ፣ ከልብስ ተራ፤
ውርጭ መለዮ አይለይም ሲወርድ ከተራራ።»

ሻምበሉ ገበሩን ገለበጠና አየ፤
የማይለቅ ቀለም የሰው ስም አቆየ፣
የሞተ ይሁን የሸሸ፣ ወይ ሌላ ጋ የታሰረ፤
እብሬ ፊደል አያውቅም፣ ያንን ስም ለብሶ ኖረ።

አንዱ፦ «የለበሰ ሁሉ ወታደር ነው፤ በቃ።»
ሌላው፦ «ካጠራጠረማ ምርኮኛ ነው፤ ይጠበቃ።»
ሦስተኛው ሰዓቱን አይቶ አዛጋ።

«ጻፍ!» ባዶውን ሳጥን ሞላሁት፦ «በቀጠሮ»፤
በቅሎው ውጭ ይጠብቃል ከሰንደቁ ታስሮ።
ካፖርቱ «ማስረጃ» ተብሎ ተቀማ፣
እብሬ በሸሚዝ ወጣ ወደ ጨለማ።

እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩ ከጠረጴዛው ሥር፤
ከስክሴም ከዚያው ሰኞ፣ ከዚያው ምንጣፍ ነበር።