ገና ላልመጣው

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ አዳማ ተኝታ፣
ነፋሱ ብቻውን ቆርቆሮ ሲመታ፣
ከኮረብታው ጫፍ ላይ ነጫጭ መዘውሮች
ጨለማ ሲፈጩ፣ እንቅልፍ እንዳጡ ሰዎች፣
እኔ እቆጥራለሁ።

የምቆጥረው ቃል ነው፤ ሁለት ፊደል፣ «ቁም»፤
ሽቦ የማይመራት፣ እጅ የማይዛትም፣
ከአንቴናው ተነሥታ፣ ሰው ዓይኑን ሳይከድን፣
ጨርቅ ተሸክሞ ያለ ሹፌር የሚያዘግመውን
ጋሪ የምታስቆም።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በሦስተኛው ሼድ፣
ሚሊዮን ጊዜ ላክናት፤
ደረሰች፣ ደረሰች፣ ደረሰች፣ እንደ ልማድ።
አንዴ ግን ቀረች።

በረጅሙ ዝርዝር፣ ከቁጥሮች መካከል፣
አንዲት ጎድጓዳ መሥመር የወለቀ ጥርስ ቦታ ስትመስል፣
«የመሣሪያ ስሕተት» ብዬ ሰረዝኳት፤
አማካዩን አወጣሁ፤ አማረ፤ ለአለቃዬ ላክሁት።
«ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘጠኝ…»
እያሉ አጨበጨቡ። እኔንም ደስ አለኝ።

ያቺ የሰረዝኳት፣ ያቺ የቀረች ለታ
በዚያ ማን እንዳለፈ አልጠየቅሁም ላፍታ።
ብርቄ ነበረች፤ የክር ካርቶን አቅፋ፣
ሻሿን ለሙቀቱ ወደ ኋላ አጥፋ።
ሁለተኛዋ «ቁም» ደርሳ፣ ስንዝር ሲቀር ከእግሯ ሥር፣
ዛሬም አለ ወለሉ ላይ የጎማው ጭረት፣ ጥቁር።

«ከሚሊዮን አንዴ ነው» አልኋት ላጽናናት።
«ለአንተ ነዋ!» አለችኝ፤ «እግሬን እስቲ ቁጠራት፤
እኔ ከአንድ አንድ ነኝ።»
ስሟን ያወጣላት ሰው ሒሳብ ሳያውቅ አልቀረም።

አማካይ ደግ ሰው ነው፤ ማንንም አያማ፤
ጉብታን ከጎድጓድ ደልድሎ ሲያስማማ።
አዳማም ከሩቅ ሲያይዋት ሜዳ ናት፣
ክረምት ከጋራው ላይ ጎርፉ እስኪወርድባት።
«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገሬ ሰው፤
ጥርጣሬ ግን እንዴት ነው በክንድ የሚለካው?

እሑድ ወንጂ ወረድኩ፣ ጋሽ ቱፋ ፓምፕ ቤት፤
አዋሽን ከነቁጣው አርባ ዓመት የጠበቁበት።
ግድግዳው ላይ በቢላ የተጫረ አለ፤ ሰባት ይሆናል።
«በአርባ ዓመት ሰባት ብቻ? ሌላው ቀን የት ሄዷል?»
«ከደፌ ያልዘለለ ውኃ ምኔ ነው፣ ልጄ?
እሱን ዓሣ ይቁጠረው። እኔ ቢላ ይዤ
የምነሣው ደፌን ረግጦ ሲገባ ነው።»

አየሁ አልጋቸውን። ከላይኛው ጭረት
አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል በብረት።
«ይኼ ክንድ ለማነው?»
ሣቁ። ትንባሆአቸውን አራገፉ።
«ገና ላልመጣው።»

ማታውኑ ተመለስኩ፤ ፍራንኮ ላይ ባጃጅ
ያዝኩና፣ ሳልበላ፣ ከኮምፒውተሩ ደጅ።
የሰረዝኳትን መሥመር ከጣልኩበት አነሣሁ፤
ደኅናውን፣ እልፍ በእልፍ፣ ከደፉ ማዶ ረሳሁ፤
የወደቁትን ብቻ፣ የጠለቁትን ብቻ
ደረደርኩ፤ ጥቂት ናቸው፤ የላቸውም አቻ።
ከእነሱ አንዲት ጅራት፣ ቀጭን፣ ተነሥታ ሄደች፤
ካየሁት አልፋ፣ ወዳላየሁት፤
ቀጠነች፣ ቀጠነች፣
አላለቀችም።

አለቃዬ አዲሱን ወረቀት አልወደዱትም።
«አንድ አንቴና ይጨመር፤ ጋሪው ዝግ ይበል» ይላል፤
ቁጥሩ እንደ በፊቱ አያምርም።
«ስንት ዓመት ያላየነውን ለምን እንፈራለን?» አሉኝ።
የአልጋውን ነገር ልነግራቸው አስቤ ተውኩት።

ነፋሱ ያው ነው። ሊነጋ ነው።
ብርቄ በአንድ ሰዓት ትገባለች።
«ቁም» እላለሁ ለአየሩ።
ደረሰች።
«ቁም።»
ደረሰች።
አልተኛም።