የውሰት አፈር

ከሲዬና እምብርት፣ ከማማው ጥላ ሥር፣
አደባባይ አለ የዛጎል ቅርጽ ያለው፤
ዘጠኝ ሽንሽን ጡቡ ቁልቁል ተንሸራቶ
የዝናቡን ውኃ ባንድ አፍ የሚውጠው።

ዓመቱን በሙሉ ጡብ ነው፣ ሌላ የለም፤
ርግብ ይለቅማል፣ ተማሪ ይተኛል፣
አይስክሬም ይፈሳል በሕፃን ክርን ላይ።
ሰኔ ሲጋመስ ግን አፈር ይመጣለታል።

በካሚዮን ጭነት፣ ሌሊት፣ ሸራ ለብሶ፣
የዳቦ ቅርፊት የመሰለ ቢጫ አፈር፤
እናለብሰዋለን የሜዳውን ዙሪያ
ለፈረሶቹ እግር፣ ኮቴ እንዳይሰበር።

ያስተማረኝ ኦሬስቴ ነው። አርባ ሁለት ሰኔ
ያንኑ አፈር ደልድሏል፣ ያንኑ ዳምጧል።
ጣቱን ይሰካና እስከ ሁለተኛው አንጓ፣
«እዚህ ጋ ሳስቷል፣ ላፖ፣ ጨምርበት» ይላል።
«ፈረስ እንደ ሰው አይደለም፤
የረገጠውን ያምናል።»

መታጠፊያው ጋ ግድግዳውን ፍራሽ እናለብሳለን፤
እዚያ ነው ሜዳው ቁልቁል ጋላቢ የሚያፈሰው።
ኦሬስቴ እዚያ ሲደርስ ወሬውን ይቆርጣል፣
ኮፍያውን አውልቆ በጉልበቱ ነው የሚሄደው።
እኛም እንስቃለን፦ «ሽማግሌው ሊጸልይ ነው!»

ሩጫው ሦስት ዙር ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤
ለዚያች ለቅጽበቷ ሰፈርና ሰፈር
ዓመት ሙሉ ሰላም አይባባልም።
የረታው ፈረሱን ከገበታው ራስ ያቆማል፣
የተረታው አፈር ድሜ ይበላል፤
አባባል አይምሰላችሁ፣
ጢማም ጎረምሳ አይቻለሁ ተንበርክኮ ሲያለቅስ
ጥርሱ ቢጫ ሆኖ።

ከዚያ እንጠርገዋለን። ይጫናል ወደ መጋዘኑ፤
ነሐሴ እስኪጠራው ይተኛል በጎኑ።
የውሰት አፈር ነው። ጡቡም አይላመደው፤
አንዲት ሣር ሳያበቅል መልሰን የምንወስደው።

ግን በየዓመቱ ይጎድላል። ኦሬስቴ
በደብተሩ ይጽፋል፦ የወጣው፣ የገባው፣ የጎደለው።
«የት ይሄዳል?» ስለው፣
«በኮቴ ነዋ፣ በጫማ፣ በቀሚስ ጠርዝ፣
በጎብኚ ካልሲ ሀገር ለሀገር የሚዞረው።»

ጥር ላይ ሞተ ኦሬስቴ።
ከቅጥሩ ውጭ፣ በጥቁር ጭቃ ቀበርነው፤
«አፈሩ ይቅለለው» አልን፣ እንደ ደንቡ።
ሚስቱ ኢዞሊና ብቻ ዝም አለች፣
ጓንቷን እያወለቀች፣ መልሳ እያጠለቀች።

ሜዳውን ባለበስንበት ማታ ጠራችኝ፣
ከሦስተኛው ፎቅ፣ መስኮቷ ቁልቁል ከሚያየው።
ከቁም ሣጥኑ ሥር የብስኩት ጣሳ ጎተተች፣
ሌላ ጣሳ፣ ሌላም፣ የቡና፣ የሰርዲን፣ የጫማ ቀለም፤
ቆጠርኩት፤ አርባ ሁለት ነው።
በየክዳኑ ዓመተ ምሕረት፣ የኦሬስቴ እጅ ጽሑፍ፦
«መታጠፊያው። ሁለት አንጓ።»
«መታጠፊያው። ሁለት አንጓ።»
«መታጠፊያው። ሁለት አንጓ ከጥፍር።»

«ባሌ ሌባ ነበር» አለች፣ ሳቅ ሊያመልጣት።
«አፈር ስሆን ላፖ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ እንዳትነግር።»

ከዚያ የመጀመሪያውን፣ ዝገት የበላውን፣
እጄ ላይ አኖረችው።
«መታጠፊያው። አንድ አንጓ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ
በሌላ ቀለም፣ በሌላ ቀን የተጻፈ
የፈረስ ስም፦ ዶሪና። ሌላ የለም።

«አፈር ይቅለለው ትላላችሁ» አለች፤
«ያዘው እስቲ። ይቀላል?»

ከታች የመጨረሻው ካሚዮን ወደ ኋላ እየሄደ ይጮኻል፤
ልጆቹ ስሜን ይጠራሉ።
ጣሳውን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ወረድኩ፤
መታጠፊያው ጋ ስደርስ ተንበረከክኩ፣
ጣቴን ሰካሁ።

ሁለት አንጓ ነበር።
አንድ አካፋ ጨመርኩ።