በሐመሩ ሐ

የድሮው ኮምፒውተር በዚያ ክፉ ሰሞን ከነሽቦው ሄዶ፣
ሌላ መጣ ዘንድሮ፣ ሁለተኛ እጅ፣ በካርቶን ተጋርዶ።
መስኮት የለው፣ ሥዕል የለው፣ የሚነካ ነገር፤
ጥቁር ብቻ። ከጥቁሩ ጥግ አንዲት ሰረዝ ትርገበገባለች፣
ጥያቄ እንዳለው ሰው፣ ግን እንደማይናገር።

«ሊኑክስ ነው» አለ አራጋው፣ ከኮምቦልቻ የላኩልን ልጅ፣
«እትዬ መሬማ፣ እዚህ አይጠቆምም፣ ይታዘዛል እንጂ።»

ማዘዝ! ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስኖር ማንን አዝዤ አውቃለሁ?
«ይጻፍ» ሲሉ እጽፋለሁ፣
«ይፈለግ» ሲሉ መሰላል እወጣለሁ።
አሁን ጡረታዬ ሁለት ዓመት ሲቀረው
አዛዥ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ የይለፍ ቃል። ብጽፍ ብጽፍ ነጥብ እንኳ አይጥል፤
«ተበላሸ!» ብዬ ጮህኩ። «ይሰማል» አለኝ፣ «ምስጢር ስለሆነ ዝም ይላል።»
እንደ ልብ ዱዓ ነው ለካ፤ ከንፈር ሳይላወስ፣
ሰው ሳያየው፣ በጨለማው በኩል ከቦታው የሚደርስ።

ከዚያ «ፒ ደብሊው ዲ»፦ የት ነው ያለሁት ብሎ መጠየቂያው።
ያን ለት ጉሙ ጦሳን ውጦት፣ የሆጤ ሜዳ ጠፍቶት መጨረሻው፣
ውጭ ያለው ሁሉ ያለበትን አያውቅም፤
እኔ ግን በአንድ መስመር ተነገረኝ፦ ቤት፣ ከቤትም መሬማ።
አልጠፋሁም።

ዛፍ ነው አለኝ አራጋው፣ ፋይሎች የሚያድሩበት፣
ሥሩ ግን ከላይ ነው፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚወርድበት።
«ሲዲ» ብዬ ወረድኩ፣ «ሲዲ» ብዬ ልወጣ ሁለቷን ነጥብ ስረሳ
እዚያው ጓዳ ስዳክር ዋልኩ፣ እስኪደርስ ምሳ።
«ትእዛዙ አልተገኘም» ይለኛል፣ ክፍተት ቢጎድል፣ ፊደል ቢተልቅ፤
እንደ ድሮው ኃላፊያችን፣ ነገሩ ገብቶት ሳለ ነጠላ ሰረዝ የሚጠብቅ።

አራጋው አጥብቆ ያስጠነቀቀኝ «አር ኤም» ስለምትባል፦
«ቅርጫት የላትም እትዬ፣ የጣለችው አይለቀምም፣ በቃ ጠፍቷል።»
እኔ ባዶውን መደርደሪያ እያየሁ ነበር።
የጠፋ መዝገብ ምን እንደሆነ ለኔ አይነገር።

ደግሞ ሲሳካለት አያመሰግንም፣ አያወራ፤
ፋይል ስገለብጥ፣ ስም ስቀይር፣ ዝም። እኔም ዝምታ ስፈራ
ሦስቴ እደግመዋለሁ። «ዝም ካለ ሆኗል» ይላል ልጁ እየሳቀ።
ደሴ ድረስ መጥቶ፣ አንድ «አብሽሪ» ካፉ ያልወደቀ!

ሐሙስ ለት አንድ ሰውዬ ከቧንቧ ውሃ መጡ፣ ጃንጥላቸው እያንጠባጠበ፤
የልጃቸው የልደት ወረቀት ተፈልጎ፣ የፈተናው ቀን ቀርቦ።
«ሀዋ ሰይድ ትባላለች። ያኔ እርስዎ ነዎት የመዘገቡልኝ።»
በዚያ ሰሞን በመቀነቴ ቋጥሬ ያሸሸኋት ፍላሽ
ዘጠኝ ሺህ መስመር ይዛለች፤ በዓይን ማን ይዘልቀዋል?
«ግሬፕ» ብዬ ስሟን ጻፍኩ።

ዝም።

ይኸኛው ዝምታ ሆኗል ማለት አይደለም፤
የለም ማለት ነው፣ የለም።
አባትየው የኔን ፊት እንጂ ጥቁሩን ገጽ አያዩም።

አራጋው ስልክ አያነሳ። ይኸኔ ጣቴ ነው ያስታወሰኝ፦
የያኔዋ መሬማ ሰይድን በእሳቱ ሰ ጽፋ አታውቅም፤
ለሰው ስም ክብር ብላ ንጉሡን ሠ ነበር የምታስቀምጥ፣
ሀዋንም በሐመሩ ሐ። ለኛ አንድ ድምፅ ነው፤
ለማሽኑ ግን ሦስቱ ሀ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ዝምድና እንኳ የላቸውም።

ለወጥኳቸው። ኢንተርን ጫንኩ።
አንድ መስመር ወጣች፣ አንዲት ብቻ፦
ሐዋ ሠይድ እንድሪስ፣ ጥር ስምንት፣ ሁለት ሺህ።

«ምን ይላል?» አሉኝ ቆመው።
«አብሽሩ» አልኳቸው፣
ማሽኑ ማለት ያቃተውን።

ማተሚያው ግን ከአዲሱ እንግዳ ጋር ገና አልተዋወቀም፣ ለገመ።
እስክሪብቶዬን አወጣሁና በእጄ ጻፍኩላቸው፤
ሐመሩን ሐ ትንሽ ተለቅ አድርጌ።