ክረምት በአጅማን

"ደርበሽ ልበሺ፣ ነሐሴ ሰው አይምርም" አለችኝ እናቴ፣
ለሰዓታት ልትወጣ ተነስታ፤
የቆርቆሮዋ ዶፍ በስልክ ተሻግሮ ገባ ከመኝታ ቤቴ።
"እሺ እማ" አልኳት፤
ክረምት እዚህ ሀገር እሳት ነው ብላት፣ መቼም አላሳምናት።
በካኒቴራዬ ጫፍ ግንባሬን ጠረግሁ፣
በጨለማ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አጠበቅሁ።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። ከዚህ ወዲያ ሩጫ አይታሰብም፤
ፀሐይ አንዴ ከወጣች፣ እንኳን ሰው ድመትም ከጥላ አይወጣም።
ኢክራም አልጋ ሥር ተንበርክካ ጫማዋን ትፈልጋለች፣
"ግራው ይኸው፤ ቀኙን ማን ወሰደው?" ትላለች።
ብርዛፍ ሙዟን እየላጠች፣ "ዛሬስ አልሮጥም" ብላ ማለች፤
ሁሌ ትምላለች፤
ሁሌ ትቀድመናለች።
ማሪቴስ የማኒላዋ፣ አማርኛ ከኛው ተምራ፣
"ቶሎ በሉ እንጂ!" ትለናለች፣ የሊፍቱን በር በእግሯ ገትራ።

ኮርኒሹ ዳር ባሕሩ ተኝቷል፣ እንደ ተረሳ ሻይ ለብ ብሎ፣
ጨው ጨው የሚል አየር ፊታችን ላይ ተንጠልጥሎ።
እንተነፍሰዋለን ከማለት፣ እንጠጣዋለን ቢባል ይቀላል፤
ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ ማሊያችን ይጨመቃል።
አዛውንቱ ዓሣ አጥማጅ፣ ከድንጋዩ ላይ፣ መንጠቆ በእጃቸው፣
"ሐበሾች!" ይሉናል፤ ማሪቴስም አብራ ሐበሻ ሆናለች በአፋቸው።
"ከማን ነው የምትሸሹት?" ይሉናል በአረብኛ፣
"ከፀሐይዋ" ትላለች ኢክራም፤ ይስቃሉ እንደኛ።

እኔ ድሮ የሮጥኩት ታክሲ ሲያመልጠኝ፣ ደወል ሲደወል ነበር፤
የትም ላልደርስ መሮጥን ያስተማረኝ ይህ የአሸዋ ዳር።
በሰኔ ከአንድ መብራት እስከ ሌላው መብራት ነበር አቅሜ፣
በሐምሌ እስከ ጀልባዎቹ፤
አሁን ከባንዲራው ደርሼ እመለሳለሁ፣ አንዴም ሳልቀመጥ ደክሜ።

በአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የሆቴሉ ምድር ቤት፣
አንሶላ ተራራ ሆኖ ይጠብቀናል፣ የባሕር አሸዋ ያለበት።
እኔና ብርዛፍ ጫፍና ጫፉን ይዘን እናራግፋለን፣
እንቀርባለን፣ እንርቃለን፣ ደግመን እንቀርባለን፤
ጭፈራ በሉት፤ አንሶላው መሀል ገብቶ ሲያጨፍረን።
ጋሪውን ስገፋ በሰኔ አብረን እናቃስት ነበር፣ እኔና ጎማው፤
አሁን እሱ ብቻውን ያቃስታል፤ እኔ እያፏጨሁ ነው የምገፋው።

አልዋሽም፤ ክፉ ቀን አለ። ኃላፊው የሚጮህበት፣
ደሞዝ ዘግይቶ፣ ሩዝ በዘይት ብቻ የበላንበት።
ያን ማታ ግን ማሪቴስ ጣራው ላይ ምንጣፍ ዘርግታ፣
ካርታ አጫወተችን፤ አጭበርብራ አሸነፈች፤
ስንነቃባት ሮጠች፣ ጫማዋን ትታ።

ጳጉሜ ሦስት፣ ከሩጫ መልስ፣ እናቴ ደወለች፤
"ሩፋኤል ነው፤ ልጆቹ ሲጠመቁ ስሚ" ብላ ስልኩን ወደ ግቢው አወጣች።
ዝናቡን ሰማሁት፤ ጩኸታቸውን ሰማሁት፤
ወደ ሰማይ ቀና አልኩ፤
ነጭ ነው፤ ደመና የሚባል የለበት።

ያኔ ብርዛፍ እጄን ይዛ ጎተተችኝ ከሕንፃው ጀርባ፣
ኤሲው ሁሉ ከየመስኮቱ ወደሚያንጠባጥብበት ቅያስ ስትገባ።
የሃያ ፎቅ ጠብታ፣ ጠብ ጠብ፣ አናታችን ላይ ፈሰሰ፤
ኢክራም "የኛ በዓል አይደለም" አለች፤
ከሁላችን በፊት ግን የሷ ሻሽ ራሰ።
ማሪቴስ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ መዳፏን ዘረጋች፤
ኋላ ነገርናት።
"ታዲያ ቅዱሱ ስንተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው?" አለች።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። "ዝናብ ነው እንዴ?" አለች እናቴ፤
"አዎ እማ፣ ይዘንባል" አልኳት፤
ከግንባሬ ይወርድ ነበር፣ ቀዝቃዛ፣ እስከ አንገቴ።

ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኗል።
እየተንጠባጠብን ሮጥን።