ምን ቀረ

ዓርብ ነው። ኪርያት ጋት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ።
ሻማ ሊበራ ነው፣ ዘቅዝቃለች ፀሐይ።
የቤርሼባው ባቡር መስኮቱን አንቀጥቅጦ
አለፈ በስተጀርባ፣ ዝምታውን ቆርጦ።
እኔ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ
ከማሽን ጋር እከራከራለሁ፣ ምሳዬን ትቼ።

የምለው አንድ ነው፦ የሰጠሁህን ስጠኝ።
ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። በቸርነትህ አትርዳኝ።
በሰከንድ አርባ አራት ሺህ ከአንድ መቶ ቁጥር
ቆጥሬ አስረክበዋለሁ፤ እሱ ግን በስውር
አርባ ስምንት ሺህ ያደርገዋል፣
የጎደለ መስሎት በግምት ይሞላዋል፤
ማመጣጠኛው ይኳኩለዋል፣
ማቀላቀያው ከሌላ ጩኸት ጋር ይበርዘዋል።
«እንዲጥምህ ብዬ ነው» የሚል ይመስላል፣ ያለ ክፋት፣ በዝምታ፣
እንደዚያ እንደ አየር ማረፊያው ጸሐፊ፣ እንደ ጨዋው ጌታ።
እናቴ ወረቀቷን ይዛ ፊቱ ስትቆም
«ትርንጎ» ብትለው፣ ጆሮውን ሳያቆም
«ታማር» ብሎ ጻፋት፣ ፈገግ ብሎ፣ በለሆሳስ።
ትርንጎ ወስዶ ተምር ሰጣት፤ ፍሬ በፍሬ፣ ማን ሊወቅስ!

ዛሬ ግን አልምርም። ማመጣጠኛውን ዘጋሁ፣
ማቀላቀያውን ትቼ በጓሮ በር ገባሁ፣
የድምፁን ልክ እስከ ጥግ ለቀቅኩ፣
የእህቴ የኦስናት መልእክት እንኳ እንዳይጮህ አፉን አፈንኩ፣
መንገዱን ለአንድ ሰው ብቻ ከለልኩ።

ለአጎቴ ለጓዴ።

ገዳሪፍ፣ ድንኳን ውስጥ፣ በተውሶ ቴፕ የተናገረው
አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው በእጃችን ያለው።
«ትርንጎ እህቴ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አታልቅሺ፤
እግሬ ሲሽር እደርሳለሁ፤ ቅደሚ፣ ልጆቹን አንሺ።»
ከዚያ ሳል። ከሩቅ የጭነት መኪና ጡሩምባ።
ደግሞ ሳል።

አጫወትኩ። የወጣውን መልሼ ቀዳሁ፣ ከገባው ጋር አስተካከልኩ፣
አንዱን ገልብጬ ከሌላው ላይ ቀነስኩ።
ከጓዴ ላይ ጓዴ ሲቀነስ ምን ቀረ?
ጠፍጣፋ መስመር። ትንፋሽ እንኳ አልቀረ።
ሳሉ አልቀረ፣ ጡሩምባው አልቀረ፣ አቧራው አልቀረ፤
ሁሉም በሰላም ደርሷል።
ጓዴ ብቻ ቀረ።

«እማዬ፣ ነይ! አሁን ሳይነካ ይሰማል» አልኳት።
እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣች፤ ማዳመጫውን ጫንኩላት።
ሰማች። ዐይኗን ጨፈነች። ጥቂት ቆየች።
«ይሄ ጓዴ አይደለም» አለች።

«የጓዴ ድምፅ ወፍራም ነው፤ እንዲህ አይቀጥንም፤
ጎጆው ቢቃጠል እንኳ ሲያወራ አይጣደፍም።
ድንጋዩ አልቆ ይሆናል። እኛም ዘንድ እንዲያው ነበረ፤
የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ እስኪሞቅ ይጠበቃል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ያው ሰነፍ ነው።
ቴፑ እያነከሰ ቀዳው፣ እዚህ እየሮጠ አነበበው፤
ወንድሜን ልጅ አደረገው፤ ቀጠነ፣ ከረረ።»

የድንጋዩን ድካም ነው ለካ
በታማኝነት ስጠብቅ የከረምኩት፣ ሳይነካ።

ፍጥነቱን ከመቶ ስድስት እጅ ልቀንስ እጄን ሰደድኩ።
እጄን ያዘችው። ጣቷ የሳሙና ውሃ ነበረበት።
«ተወው። እንደ መጣ ይቀመጥ።
ስሙን አንዴ ከቀየርክለት በኋላ ማቆሚያ የለህም።»

የሰንበት ሳይረን ጮኸ። ኮምፒዩተሩን አጠፋሁት፤
ማራገቢያው ትንሽ ተነፈሰና ዝም አለ።
እሷ ሻማዎቹ ፊት ቆማለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፤
ጸሎቷን ጨርሳለች፣ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል።
ጠጋ ብዬ ሰማሁ፦
እግሬ... ሲሽር... እደርሳለሁ...
ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣
ከመቶ ስድስት እጅ ያህል
ቀስ ብላ።