አረንጓዴ ነጥብ

ስድስተኛ ፎቅ ነን፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፤
ሊፍቱ ከቆመ ሰንብቷል፣ ደረጃው ያደርሳል ሰማይ።

የእኔ ሥራ መፈተሽ ነው፦ ጥያቄ ከደጅ ሲመጣ፣
ተቆጣጣሪው ተቀብሎ የትኛውን ገጽ እንዳወጣ፣
ግንባሩን፣ ግርጌውን፣ ጠርዙን፣ የቱን ክፈፍ እንዳለበሰ፣
በስልክ ጠባብ መስኮት ላይ ጽሑፉ እንዳልፈሰሰ።

«ተቆጣጣሪ» ያልኩ እንደሆን እናቴ አውቶቡስ ይታያታል፤
«ለቲኬት ነው የተማርከው?» ትላለች፣ ይከነክናታል።
አልተሳሳተችም በእርግጥ፤ የኔም ሰውዬ በር ላይ ነው፣
ማን የት እንደሚቀመጥ የሚለየው።

ዛሬ የያዝነው የወረዳ ነው፣ የነዋሪ መታወቂያ፤
አርማው ከላይ፣ ማኅተሙ ከግርጌ፣ መሐሉ የስም ማረፊያ።
ለሙከራ የምትሆን፣ የሌለች ሴት ፈጠርኩ፦
እታፈራሁ ዘገየ፤ ዕድሜ፣ ሰባ ሁለት አልኩ፤
ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፤ የቤት ቁጥር፣ እንዲያው አፌ ላይ የመጣልኝ።
ቁልፉን ተጫንኩ፤ ነጥብ በነጥብ አረንጓዴ ዘነበልኝ።

አርማው አለ፦ አለፈ።
ማኅተሙ አለ፦ አለፈ።
ክፈፉ ትክክለኛው ነው ወይ? ነው። እሱም አለፈ።

ይታገሱ ሳምቡሳውን እንደጎረሰ በትከሻዬ ላይ አጮለቀ፣
«እስቲ ክፈተው፣ በዓይንህ እየው» አለና ሣቀ።

ከፈትኩት።
አርማው ከላይ ያበራል፣ ማኅተሙ ከግርጌ ያበራል፤
መሐል ያለው ነጭ ሜዳ ዓይን ያጭበረብራል።
ለካ የጠየቅኩት ስለ ልብሱ ኖሯል፣ ስለ ገላው አልጠየቅኩም፤
«ክፈፉ አለ?» አልኩ እንጂ
«ሰው አለ?» አላልኩም።

ቀና አልኩ። በመስኮቱ፣ ወደ ፒያሳ ማዶ፣
አጥሩ ወጥ ነው፣ ቀለሙ አንድ፣ መብራቱ ልክ በልክ፤
ውስጡ ባዶ።
«እንዳትጀምረኝ» አለ ይታገሱ፣ ዓይኔን ተከትሎ፤
«አንዲት መስመር ጨምርና እንውረድ በቶሎ።»

ጨመርኩ፦
በገጹ መሐል «እታፈራሁ» የሚል ይገኝ።
ቀይ።
ከጠዋት ጀምሮ እውነት የነገረኝ የመጀመሪያው ቀለም።
ተቆጣጣሪው ክፈፉን ጠርቷል፤ ሰዪቱን ግን አልጠራትም።

ማስተካከሉን ለነገ አልን። በስልክ መብራት ወረድን፣
አራተኛው ፎቅ ላይ ያለውን የተሰበረ ደረጃ ዘለልን።
ጋሽ ሽብሩ፣ ዘበኛው፣ የብረቱን በር ይዞ፣
እንደ ማታ ማታው ጠየቀ፣ ካቦርቱ ውስጥ ደንዝዞ፦
«ሰው ቀርቷል ላይ?»

ያጠፋነውን መስኮት ከታች አንጋጥጬ አየሁ።
ይታገሱ «የለም» አለው።
እኔ፣ መልስ ለመስጠት፣ ዘገየሁ።