ሲይዝ ነው ሲለቅ?

ከሐረር ስወርድ፣ ደንገጎ ላይ፣ ሦስተኛው እጥፋት፣
ፍሬን ረገጥኩ፤ «ቋ!» አለ። አንዲት ደረቅ ምት።
ከፊት ነው፣ ከቀኝ በኩል፣ ከጫማዬ ሥር፣
ልጆች አንኳኩተው እንደሚሮጡበት በር።
እግሬን ሳነሳ ዝም። ስረግጥ፣ «ቋ!» ደግሞ።
ከኋላ ያሉት ሴትዮ፣ በድንች ጆንያ ተከበው፣
«አቦ፣ ይቺ መኪናሽ ትሳደባለች» አሉኝ፣ ነጠላቸውን ሰብስበው።

ፔጆ ናት። አራት መቶ አራት። ሰማያዊ። በዕድሜ ትበልጠኛለች።
አባቴ በዳሶ ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበላባት፣
ሲሞት ከነዕዳዋ ለእኔ የተዋት።

ሳቢያን ያለው ቶልቻ አየና «ሸራው ነው» አለ፤
አዲስ ሸራ ገባ፣ ብር ወጣ፣ «ቋ!» ግን እዚያው አለ።
መጋላ ያለው አዩቤ «ኩሽኔታ!» ብሎ ማለ፤
ኩሽኔታው ተቀየረ። ግራሶው ከእጄ ሳይለቅ፣
ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ውሻ አቋረጠኝ፤ ረገጥኩ፤ «ቋ!»
ውሻው ቆሞ አየኝ። እሱም ሰምቷል በቃ።
ሦስተኛው ሳይነካት ራሱን ነቀነቀ፦
«ሽጫት፤ ብረቷ ይፈለጋል።» ፊቴ በንዴት ሞቀ።

ሮብሌ ጋ የላከኝ ሻይ ሻጩ ነው።
ሰውየው መካኒክ አይደለም፤ የባቡር ቤት ሰው ነው።
ባቡር ሲቆም፣ ረጅም መዶሻ ይዞ፣ ከፉርጎ ፉርጎ፣
የብረቱን እግር አንድ በአንድ መትቶ፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ፦
ደህናው ይዘፍናል፣ የተሰነጠቀው ያቃስታል።
ሠላሳ ሰባት ዓመት አዳመጠ። አሁን ጆሮው ከድቶታል።

ሽርጡን አጥብቆ ወጣ። ዞራት። ኮፈኗን አልከፈተም።
«ሲይዝ ነው ሲለቅ?» ብሎ ጮኸ፤ እኔም የማልሰማ መስሎት።
«ሲይዝ!»
«አንዴ ነው ደጋግሞ?»
«አንዴ። ከዚያ ዝም።»
«ወደ ኋላ ስትነጂስ?»
ወደ ኋላ? ማንም አልጠየቀኝ፤ እኔም አልሞከርኩም።

መዳፉን ፓራፋንጎው ላይ ጣለ፤ ዓይኑን ጨፈነ።
«ፍሬኑን ይዘሽ ቆዪ» አለኝ፤ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ጠርቶ
ፊትና ኋላ አስነቀነቃት፤ ጎማው ንቅንቅ ሳይል ቆሞ፣
«ቋ» አለ ወደዚህ፣ «ቋ» አለ ወደዚያ ገፍቶ።
ሳቀ፤ ድዱ ብቻ።
«ስሚ፣ የበዳሶ ልጅ። ፍሬኑ ምስክር ነው እንጂ ሌባው እሱ አይደለም።
ስትይዢ ጎማው ይቆማል፤ መኪናዋ ግን አብራው አትቆምም።
መሃል ላይ የሚይዛቸው ክንድ ነው፤ ክንዱ ሥር ጎሚኒ አለ፤
እሱ ሲበላ፣ ብረት ለብረት ‹እንዴት ዋልክ› አለ።»

አማቹ ከሥር ገባ። ክሪክ፣ ቁልፍ አሥራ ዘጠኝ፣ ናፍጣ፣ ስድብ።
ዳዶው ዝጎ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ አንድ ነገር መሬት ወደቀ፣ ጠብ።
ጎሚኒ አልነበረም።
ከበረባሶ የተቆረጠ ላስቲክ ነው፤ በሽንኩርት ቢላ የተከረከመ፣
እንደ ሳንቲም የሳሳ፣ ዳሩ ላይ ቀይ ቀለም የቀረበት።
ቀዩን የቀባሁት እኔ ነኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ።
ግራ እግሩ ጠፍቶ፣ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ቀረሁ፣ አለቀስኩ።
«ውሻ ነው የበላው» አለኝ አባቴ፣ ዓይኔን ሳያይ፣
እጁን በናፍጣ እየታጠበ፣ ደጃፉ ላይ።
ዕቃ የጠፋበት ዘመን ነበር።
ይኸው ያ ውሻ። ስንት ዓመት ዳገት ቁልቁለት ተሸከመን፤
እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቀን አልጮኸብን።

ከአንዲት የሞተች ፔጆ የተነቀለ ጎሚኒ ገባ።
ሮብሌ ሒሳብ አልወሰደም። «ለገሃር አድርሺኝ» ብቻ አለኝ።
በሩ ዝግ ነው። ከሐዲዱ መሃል ሣር በቅሏል፣
አንዲት ፍየል ትግጣለች።
«እዚህ ያዢ።»
ያዝኩ።
«ጮኸ?»
«አልጮኸም!»
አላመነኝም። መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፈና፣
«ድገሚው» አለኝ።